ገና ኤፕሪል ነው

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በተደረገ የማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ላይ የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ? አልሰማሁም! እንደምን አመሻችሁ? እሺ፣ አሁን ሰማሁ።

አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ታገሡኝ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ። ኑ ግቡ፣ አልናከስም።

ርዕሱ ቤዝቦል ነው ሲባል ፊታችሁን ስታኮሳትሩ አይቻለሁ። «ሰው ቆሞ ሱፍ የሚፈለፍልበት ጨዋታ አይደለም እንዴ?» የምትሉ አላችሁ። ነው፣ እሱ ነው። ግን አትስጉ፣ የጨዋታውን ሕግ ላስተምር አልመጣሁም። ሕጉን ልጆቻችሁ ያስረዷችኋል። የመጣሁት ስለ ክርክሩ ላወራ ነው። በየማርቹና በየኤፕሪሉ በታክሲው፣ በፓርኪንጉ፣ በፀጉር ቤቱ ስለሚጧጧፈው ክርክር። «ቡድናችን ዘንድሮ የት ይደርሳል?» ስለሚለው። ቡድናችን ስል ዋሽንግተን ናሽናልስን ነው።

ይሄ ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? የአርሰናል ደጋፊ እዚህ አለ? እስኪ እጅ! ኧረ በዛችሁ! በየነሐሴው «ዘንድሮማ የኛ ነው» ስትሉ የኖራችሁት እናንተ አይደላችሁም? ጊዮርጊስና ቡና ሊጋጠሙ ሲሉ ሻይ ቤት የተቀመጠም ያውቀዋል። እዚህ የሚለየው ቁጥሩ ነው፤ እሱም ብዙ ነገር ይለውጣል።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ የወቅቱ መጀመሪያ ሰውን ለምን እንደሚያታልል። ሁለተኛ፣ የዋሽንግተን ሰው ሁሉ የሚምልበት የ2019 ታሪክ በእውነቱ ምን እንደሚል። ሦስተኛ፣ ዘንድሮስ? ሦስተኛው አጭር ነው፤ ብዙ የሚወራለት ቡድን የለንም።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ዲሲ ውስጥ ለብዙ ዓመት ፓርኪንግ ሠርቻለሁ። ኋላ ታክሲ ነዳሁ። ቤዝቦልን የተማርኩት ከፓርኪንጉ ዳስ ሬዲዮ ነው። አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ የዲሲ ተወላጅ ሽማግሌ ነበር። ሬዲዮኑ የእሱ ነው፤ ማንም አይነካውም። ጨዋታ ሲጀመር እርሳሱን ከጆሮው ላይ ያወርድና ባለ ካሬ ደብተር ይከፍታል። እያንዳንዱን ውርወራ ይመዘግባል። መኪና ሲመጣ እርሳሱን በጥርሱ ይይዝና ቲኬት ይቆርጣል። ደንበኛው «ስንት ለስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ውጤቱን ብቻ አይነግረውም። ማን እንደወረወረ፣ ማን እንደሳተ፣ ማን ጉልበቱን እንዳመመው ሁሉ ይጨምርለታል። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባ ያቀልጡታል። እሱ ምን ገዶት!

እኛ ወጣቶቹ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጨዋታ ስናሸንፍ እንፈነጥዛለን። ሁለት ስንሸነፍ እናዝናለን። እሱ ቀና ሳይል «ገና ኤፕሪል ነው» ይለናል። ስናሸንፍም ገና ኤፕሪል ነው። ስንሸነፍም ገና ኤፕሪል ነው። ያናድድ ነበር!

ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ። ለምንድነው ገና ኤፕሪል የሆነው?

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ስንት ጨዋታ ነው? 38። ቤዝቦል ስንት ነው? 162። በስድስት ወር ውስጥ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል። ስለዚህ በቤዝቦል አሥር ጨዋታ ማለት በፕሪሚየር ሊግ ሁለት ጨዋታ ከምናምን ማለት ነው። ከሁለት ጨዋታ በኋላ ዋንጫውን ለማን ነው የምትሰጡት? አትሰጡም። ቤዝቦል ላይ ግን ሰው ይሰጣል። አሥር ቀን በተከታታይ ሲያይ ብዙ ያየ ይመስለዋል።

ሌላው፣ በዚህ ጨዋታ ጥሩ ቡድንም አብዝቶ ይሸነፋል። በ2025 ዋንጫውን የወሰዱት የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ከዚያ በፊት በመደበኛው ወቅት 93 አሸንፈው 69 ተሸንፈዋል። ስልሳ ዘጠኝ ጊዜ! ኳስ ላይ ቢሆን አሰልጣኙ ገና በሃያኛው ሻንጣውን ይዞ ወጥቷል። ሲያትል ደግሞ በ2001 116 ጨዋታ አሸንፎ ለዋንጫው ፍጻሜ፣ ለዎርልድ ሲሪስ፣ ሳይደርስ ቀረ።

አሁን አንድ የምወደውን ልንገራችሁ። በ1994 ለቺካጎ ከብስ የሚጫወት ተፊ ሮድስ የሚባል ልጅ ነበር። በመክፈቻው ቀን ሦስት ሆምራን መታ፤ ሦስት ጊዜ ኳሱን ከአጥሩ ውጭ ላከው። ያውም በድዋይት ጉደን ላይ! በዘመኑ ስሙ በተፈራ ፒቸር፣ በኳስ ወርዋሪ ላይ ማለት ነው። በዚያ ምሽት ቺካጎ ውስጥ የተወራውን አስቡት። ልጁ በቀሪዎቹ ወራት ስንት ይመታል ተባለ? ሃምሳ? ስልሳ? ወቅቱ ሲያልቅ ስንት ሆነ መሰላችሁ? ስምንት። የመክፈቻዎቹን ሦስቱን ጨምሮ ስምንት። ከብስም ያን ቀን ራሱ ተሸንፈዋል። ልጁ ኋላ ጃፓን ሄዶ ከ400 በላይ ሆምራን መታ፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

ሩቅ ነው ካላችሁ የቅርቡን ላምጣ። በ2025 መክፈቻ ቀን እዚሁ ናሽናልስ ፓርክ ፊላዴልፊያ መጣ። የእኛ ፒቸር ማኬንዚ ጎር 6 ኢኒንግ፣ ማለትም ስድስት ዙር፣ ወርውሮ 13 ሰው በስትራይክ፣ ኳሱን ሳያስመታ፣ አሰናበተ። አንድ ነጥብ አልገባበትም። ያን ቀን ከስታዲየሙ የጫንኳቸው ሦስት ጓደኛሞች መኪናውን በጩኸት ሊገለብጡት ነበር። ቡድናችን በአሥረኛው ኢኒንግ 7 ለ 3 ተሸንፏል እኮ! እነሱ ግን «ጎርን አየኸው? አየኸው? ዘንድሮ ፕሌይኦፍ፣ ጥሎ ማለፉ ውስጥ ነን!» ይላሉ። አንደኛው ብቻ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ዝም ብሏል። ኤም ስትሪት ላይ መብራት ይዞን ቆምን። ይሄኔ «እሺ፣ እሱ ከወጣ በኋላ የገቡትስ?» ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠው የለም። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ወሬው ወደ ፒዛ ዞረ።

ጥያቄው ግን እሱ ነበር። በጁላይ መጀመሪያ ናሽናልስ ጄኔራል ማናጀሩን ማይክ ሪዞንና ማናጀሩን፣ ማለትም አሰልጣኙን፣ ዴቭ ማርቲኔዝን በአንድ ቀን አሰናበተ። ዓመቱን 66 አሸንፎ 96 ተሸንፎ ጨረሰ። ጎር ራሱ ዛሬ እዚህ የለም። በክረምቱ በአምስት ወጣቶች ተለውጦ ቴክሳስ ገብቷል።

እንግዲያው መጀመሪያው ምንም አይናገርም ማለት ነው? ቆይ፣ ቆይ። አንዳንዴ ይናገራል። የባልቲሞር ደጋፊ አለ እዚህ? አለህ አይደል፣ ጋሼ? እንግዲህ ቁስልህን ልነካው ነው፣ ይቅርታ። በ1988 ባልቲሞር ኦርዮልስ ወቅቱን በሽንፈት ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ስድስት ሲሆን ማናጀሩን አባረሩት። ፍራንክ ሮቢንሰንን ተኩ። ሰባት፣ ስምንት… ሃያ አንድ! ከመክፈቻው ቀን ጀምሮ 21 ጨዋታ በተከታታይ። እነሱ ላይ «ገና ኤፕሪል ነው» ብትል ይሠራል? አይሠራም። 107 ተሸንፈው ጨረሱ። ያ ቡድን እውነትም ደካማ ነበር፤ ኤፕሪል የነገራቸው እውነቱን ነው። ጉድ የሚያሰኘው ቀጣዩ ዓመት ነው። በ1989 87 አሸንፈው እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ከቶሮንቶ ጋር ተናነቁ። «ለምን አይሆንም?» የሚል መፈክር ይዘው!

እግረ መንገዴን፣ በዚህ አካባቢ ዕድሜያቸው የገፋ ጎረቤቶቻችሁ ለምን የባልቲሞር ደጋፊ እንደሆኑ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ዋሽንግተን ቡድን ስላልነበራት ነው። ሴኔተርስ የሚባለው ቡድን ከ1960 በኋላ ሚኒሶታ ሄደ። በምትኩ የመጣው ደግሞ ከ1971 በኋላ ቴክሳስ ሄደ። ከዚያ 33 ዓመት ምንም የለም። የዛሬው ናሽናልስ በ2005 ከሞንትሪያል የመጣ ነው። የመጀመሪያው ማናጀሩ ማን ነበር? ያው ፍራንክ ሮቢንሰን! ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ናሽናልስን በጥርጣሬ ሲያይ አትፍረዱበት። ሁለት ቡድን ጥለውት ሄደዋል።

ሁለተኛው ነጥብ። ይሄኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

በዚህ ከተማ በኤፕሪል ወይም በሜይ ቡድኑ ተሸንፎ አንድ ሰው ቢያማርር፣ ከአጠገቡ ሌላው ወዲያው ምን ይለዋል? «2019ን አስታውስ!» ይላል። ነገር አለቀ። ክርክር ተዘጋ። ይሄን ነገር ፈታ አድርገን እንየው።

በፓርኪንጋችን አንድ ልማድ ነበረን። በማርች መጨረሻ ሁሉም ሠራተኛ ናሽናልስ ስንት ጨዋታ እንደሚያሸንፍ በቲኬት ጀርባ ይጽፋል። አበሻው፣ ሳልቫዶሩ፣ ናይጄሪያዊው፣ የዲሲው ሰው። ወረቀቱ በአንድ ፖስታ ይታሸግና መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ሴፕቴምበር ላይ ይከፈታል። የቀረበው ሰው ምሳ ይጋበዛል። ዳኛው እኔ ነበርኩ፤ ፖስታው እኔ ጋ ነው። አንድ ሕግ ደግሞ አለ። እስከ ሜሞሪያል ዴይ፣ እስከ ሜይ መጨረሻው በዓል ድረስ፣ ቁጥሩን መቀየር ይቻላል።

2019 መጣ። ቡድኑ ጥሩ ነው ተብሎ ነበር። ሁሉም ከ85 በላይ ጻፈ። ከዚያ ሜይ ሲደርስ ጉድ ሆነ። በ50 ጨዋታ 19 አሸንፈው 31 ተሸነፉ። ማርቲኔዝ ይባረር ያላለ አልነበረም። ታክሲ ውስጥ ይባረር። ዳቦ ቤት ይባረር። እኔ ጋ ሰልፍ ሆነ! «ፖስታውን አምጣ፣ ልቀይር!» አንዱ 70፣ አንዱ 66፣ አንዱ ተናዶ 58። ሁሉም ቀየረ፣ ከአንድ ልጅ በስተቀር። እሱ የእህቱ ሠርግ ነበረና ጎንደር ነው። 91 ብሎ ጽፎ ሄዷል። የሆነውን አላየም፤ የሚደውልለትም አልነበረም።

መጨረሻውን ታውቁታላችሁ። ናሽናልስ ከዚያ በኋላ ካደረጉት 112 ጨዋታ 74ቱን አሸነፉ። 93 አሸንፈው 69 ተሸንፈው ጨረሱ። አስተውላችኋል? ቅድም የጠራሁት የዶጀርስ ቁጥር ራሱ ነው። በጥሎ ማለፉ ሚልዋኪን በስምንተኛው ኢኒንግ 3 ለ 1 ተበልጠው ከነበሩበት ተነሥተው 4 ለ 3 አሸነፉ። ዶጀርስን በአሥረኛው ኢኒንግ የሃዊ ኬንድሪክ ሆምራን ገደላቸው። ሴንት ሉዊስን በአራት ጨዋታ አራቱንም። በፍጻሜው ሂውስተንን በሰባተኛው ጨዋታ አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ያውም በፍጻሜው ያሸነፏቸውን አራቱንም ጨዋታዎች ያሸነፉት እዚያው ሂውስተን ሄደው ነው። እዚህ ሜዳቸው ላይ አንድም አላሸነፉም! ልጁ ምሳውን በላ። ጥብስ ነው ያዘዘው፤ ለሁለት ሰው የሚሆን።

አሁን ጥያቄው፣ ከዚህ ምን እንማራለን? «ተስፋ አትቁረጡ» ነው? ብዙ ሰው የሚለው እሱን ነው። እኔ አልስማማም። እኔ የምለው፣ ማን እንደነበረ እዩ። በ19 እና 31 ጊዜ ያ ቡድን ውስጥ ማን ነበር? ወርዋሪው ማክስ ሸርዘር ነበር። ሌላው ወርዋሪ ስቲቨን ስትራስበርግ ነበር። መቺው አንቶኒ ሬንዶን ነበር። ገና የ20 ዓመት ልጅ የሆነው ሁዋን ሶቶ ነበር። ታዲያ ለምን ተሸነፉ? ትሬይ ተርነር በኤፕሪል መጀመሪያ ጣቱ ተሰብሮ ከሜዳ ርቋል። ሬንዶንና ሶቶም ጉዳት ገጥሟቸዋል። ቡልፔኑ፣ ማለትም በመጨረሻ ገብተው ጨዋታ የሚዘጉት ወርዋሪዎች፣ ወንፊት ነበር። ሸርዘር የያዘውን ያፈሱታል። የተሰበረ ጣት ይድናል። ቡልፔን ይጠገናል። ያ ጥሩ ቡድን ነበር፤ ክፉ ወር ገጠመው።

ስለዚህ በሜይ «2019ን አስታውስ» ለሚላችሁ ሰው አንድ ጥያቄ መልሱለት። «ሸርዘራችን ማነው? ሶቷችን ማነው?» በሉት። ስም ከጠራ አብራችሁት ተስፋ አድርጉ። ዝም ካለ ግን ልማድ ነው የሚያናግረው።

ይሄን በምሬት የምናገረው በምክንያት ነው። ከዚያ ዋንጫ በኋላ ይሄ ቡድን ስድስት ዓመት በተከታታይ ካሸነፈው የተሸነፈው በልጧል። 2020፣ 2021፣ 2022፣ 2023፣ 2024፣ 2025። በ2022 ብቻ 107 ጊዜ። ስድስቱንም ዓመት በኤፕሪል ምን ተባለ? ገና ኤፕሪል ነው! ያ ሽማግሌ ሲናገረው ጥበብ የነበረው ቃል መደበቂያ ሆነ። ትዕግሥት ጥሩ ነው። ግን ማንን ነው የምንታገሠው? በሶቶ ጊዜ 15 ዓመት፣ 440 ሚሊዮን ዶላር አቀረቡለት፤ አልፈልግም አለ። በኦገስት 2022 ወደ ሳንዲያጎ ሰደዱት። በኋላ ኒውዮርክ ሜትስ በ765 ሚሊዮን ወሰደው። «አይ፣ እሱ ስግብግብ ነው» የሚል አለ፤ «አይ፣ ባለቤቶቹ ቋጣሪዎች ናቸው» የሚልም አለ። ታክሲዬ ውስጥ በዚህ ጉዳይ ወንድማማቾች ሳይነጋገሩ ወርደዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ? ገንዘቡ ከኪሴ ስለማይወጣ ይክፈሉት ነበር!

እዚህ ላይ የኳስ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። በአሜሪካ ስፖርት መውረድ የለም። መጨረሻ የወጣ ወደ ታች ሊግ አይሄድም፤ እንዲያውም ይሸለማል። ከወጣቶቹ የመጀመሪያውን የመምረጥ ዕድል ያገኛል። ናሽናልስ በ2008 እና በ2009 ከ100 በላይ ጨዋታ በመሸነፉ ነው በ2009 ስትራስበርግን፣ በ2010 ብራይስ ሃርፐርን ያገኘው። አሁን ዕጣ ገብቶበታል፤ ቢሆንም ሐሳቡ ያው ነው። ስለዚህ እዚህ «ዘንድሮ ብንሸነፍ ይሻላል» የሚል ደጋፊ ታገኛላችሁ። ዕብድ አይደለም፤ ሒሳብ እየሠራ ነው። እኔ ግን ትኬት ገዝቼ፣ ልጄን ይዤ፣ አሥር ዶላር ለሆትዶግ ከፍዬ ሽንፈት አልመኝም። አልችልም።

ሦስተኛ፣ ዘንድሮስ? አጭር ነው ብያችኋለሁ።

አለቆቹ አዲስ ናቸው። ማናጀሩ ብሌክ ቡቴራ 33 ዓመቱ ነው የተሾመው። ከመካከላችን የመኪናው ዕድሜ ከእሱ የሚቀራረብ ሰው አለ፤ ስም አልጠራም። በ2025 ምርጫ አንደኛ ሆኖ የተወሰደው ኢላይ ዊሊትስ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። እሱን ለማየት ታገሡ። ጄምስ ዉድን ግን ዛሬ ሄዳችሁ እዩት። የእኛው ሰፈር ልጅ ነው፣ ሮክቪል የተወለደ! ቁመቱ ሁለት ሜትር። በ2025 ወቅት 31 ሆምራን መታ። በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ፈርተውት ሆን ብለው ሳያስመቱት በነፃ አሳልፈውታል። በስትራይክ የወጣባቸውም ጊዜያት ብዙ ናቸው፣ በጣም ብዙ። ሲስት ንፋሱ እኔ የተቀመጥኩበት ሦስተኛ ፎቅ ይደርሳል።

ፒቸሮቹስ? እዚያ ላይ ነው ፊቴ የሚጠቁረው። ጎር ሄዷል። ቅድም ያ ልጅ ኤም ስትሪት ላይ የጠየቀው ጥያቄ ዘንድሮም መልስ የለውም።

ስለዚህ ቁጥሬን ልናገር? 70። ሰባ አሸንፎ 92 ይሸነፋል እላለሁ። አትጩኹብኝ! ጸሐፊያችን 81 ብላለች፤ ሰምቻታለሁ። ሰማንያ አንድ ማለት ግማሽ በግማሽ ነው። እንዴት አድርጋ እንደምታመጣው እሷን ጠይቋት። ወይም አሁኑኑ ተነሥተሽ ስም ጥሪ፤ ማነው የሚወረውረው?

እሺ፣ ቡናው ደርሷል መሰለኝ፣ ሸተተኝ። በየጠረጴዛው ላይ ቁራጭ ወረቀት አስቀምጠናል። ቁጥራችሁን ጻፉና ወደ እኔ አምጡ። ፖስታ ይዤያለሁ። ሕጉ ያው ነው፤ እስከ ሜሞሪያል ዴይ መቀየር ይቻላል። እባካችሁ ስማችሁንም ጻፉ፤ አምና ሁለት ሰዎች ስም ሳይጽፉ 71 ብለው እስከ ዛሬ «የኔ ነው፣ የኔ ነው» እየተባባሉ ነው። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። ጋሼ፣ አንተ ጀምር፤ የባልቲሞርን ጉዳይ መመለስ እንደምትፈልግ ከፊትህ አይቻለሁ።